«ሲያድግ» የሚል ቀጠሮ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ዓመት ዘገየሁ። የዘገየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ስለ ጉዳዩ በወግ ለመናገር የሚያበቃ ቃል ያለኝ ስላልመሰለኝ ነው። ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ብዛት፣ ስለ ልብ ሕመም በማኅበራችን አዳራሽ በድምፅ ማጉያ እንነጋገራለን። ፊንጢጣው ሳይከፈት ስለ ተወለደ ሕፃን ግን ማንም አይናገርም። እናቲቱ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ታድራለች፤ አባትየው ወዳጆቹ ሲጠይቁት «ሆዱን ትንሽ አሞት ነው» ብሎ ያልፋል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔም ለረጅም ዘመን የደበቅሁት ነገር አለኝ፤ የደበቅሁት ግን በሽታ ሳይሆን የራሴን ጥፋት ነው።

በ1978 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አዲስ የተመደብሁ ነርስ ነበርሁ። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ አንዲት የገጠር እናት በበቅሎ ተጭና፣ የሦስት ቀን ሕፃን በነጠላ አቅፋ መጣች። የሕፃኑ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ የሚያስመልሰው አረንጓዴ ነው። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ስፈታው መቀመጫው ድፍን ሆኖ አገኘሁት። ቀዳዳ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የነበረው ትንሽ ስርጉድ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ የትልቁን አንጀት አፍ በግራ በኩል ወደ ቆዳው ላይ አወጣለት። ይህ ኮሎስቶሚ ይባላል። ዓይነ ምድሩ በዚያ ይወጣል፤ ሆዱ ይጎድላል፤ ሕፃኑም ጡት ይጠባል። በማግሥቱ ልጁ ጠብቶ ሲተኛ እናቱ እጄን ስማ አለቀሰች። መንገዱ ገና መጀመሩን ግን አልነገርኋትም።

በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ የኮሎስቶሚ ከረጢት አልነበረም። ያረጀ ነጠላ ቀደን፣ አፍልተን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን እናጥፍ ነበር። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ ማጠብን፣ ሳይፈትጉ ማድረቅን፣ ዙሪያውን ቫዝሊን መቀባትን፣ ጨርቁን ደርቦ በመቀነት አላልቶ ማሰርን አስተማርኋት። ቀዩ ሥጋ ሲነኩት ሕፃኑን እንደማያመው፣ ቀይና እርጥብ ከሆነ ጤነኛ እንደሆነ፣ ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መገስገስ እንዳለባት ነገርኋት። በሳምንቱ ከእኔ የተሻለች ሆነች። እንዲያውም በአጠገቧ ለተኛች ሌላ እናት የቁስል ጨርቅ አጣጠፍ ስታሳይ አይቻታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ስትወጣ «ይህ የሆዱ ቀዳዳ መቼ ነው የሚዘጋለት?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጋ የሚጠብቁ ሌሎች በሽተኞች ነበሩ። በሩ ላይ እንደ ቆምሁ «ሲያድግ አዲስ አበባ ወስደሽ ታሠሪለታለሽ» አልኋት። ራሷን ነቅንቃ፣ ልጇን አዝላ ሄደች።

የተመለሰችው በ1982 ዓ.ም. ነው። ልጁ አራት ዓመት አልፎታል። ወገቡ ላይ የታሰረው ጨርቅ ያው ነው፤ አጣጠፉም እኔ ያስተማርኋት ነው። ሽታው ስለሚያርቃቸው የመንደሩ ልጆች አብረውት እንደማይጫወቱ፣ አባቱም ሌላ ሚስት አግብቶ እንደ ተለያቸው ነገረችኝ። እኔም ተቆጣሁ። «ምነው ይህን ያህል መዘግየትሽ? ልጁ እኮ በመጀመሪያው ዓመት መሠራት ነበረበት!» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ እርስዎ ሲያድግ አሉኝ፤ እኔም እስኪያድግ ጠበቅሁ» አለችኝ።

በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ለእኔ «ሲያድግ» ማለት ጥቂት ወራት ነበር። ለእርሷ ግን ልጅ አደገ የሚባለው ጥጃ ለመጠበቅ ሲደርስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጨርቅ አፍልታ፣ አጥባ፣ አስጥታ የእኔን ቃል ጠብቃለች። ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያጣ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ አልጋ ሲጠፋ ጥፋቱን ለድህነት መስጠት ይቻላል። ይህኛውን ግን ለማንም ልሰጠው አልቻልሁም። አንዲት ቁራጭ ወረቀትና አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ይህ የአፈጣጠር ጉድለት ብዙዎች እንደሚያስቡት እንግዳ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 5,000 ያህል ሕፃናት አንዱ አብሮት ይወለዳል። የሚፈጠረው ጽንሱ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ ነው። የተሸከመችው እንስራ፣ ያለፈችበት መንገድ፣ የጎረቤት ዓይን ወይም የአያት ኃጢአት ያመጣው አይደለም። በአንዳንዱ ሕፃን አንጀቱ ከቆዳው ሥር ጥቂት ብቻ ርቆ ይቆማል፤ በሌላው ከፍ ብሎ ከሽንት ቧንቧ ጋር በቀጭን መተላለፊያ ይገናኛል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ሕፃኑን በደም ሥር ፈሳሽ ብቻ እየመገቡ፣ ዓይነ ምድሩ በየት በኩል ብቅ እንደሚል ይመለከታሉ። ጉድለቱ ብቻውን ላይመጣ ስለሚችልም ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ አከርካሪውንና የጉሮሮውን ቧንቧ ይመረምራሉ።

የዛሬውን ቀዶ ጥገና መንገድ የከፈቱት አልቤርቶ ፔኛ የተባሉ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሜክሲኮ ሕፃኑን በሆዱ አስተኝተው፣ ከኋላ በኩል በትክክል በመካከለኛው መስመር ላይ ቀደው፣ ጡንቻዎቹን በዓይናቸው እያዩ አንጀቱን በመካከላቸው አስቀመጡት። ከፒተር ዴቭሪስ ጋር በ1982 አሳተሙት። እኔ በጎጃም በር ላይ ቆሜ «ሲያድግ» ስል፣ ይህ ዕውቀት በዓለም ላይ ከታተመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

በ1982 ለዚያች እናት የሪፈር ወረቀቱን ይዤ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። የምትሳፈርበትን ቀን፣ የምትወርድበትን ቦታ፣ የምትጠይቀውን ክፍል ጻፍሁላት፤ በቃልም አስደገምኋት። ወረቀቱን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። በተከታዩ ዓመት እኔም በሱዳን በኩል ከሀገር ወጣሁ።

ስደት ያመጣኝ ወደ ሰሜን አሜሪካ ነው። ፈተናውን በእንግሊዝኛ እንደገና ተፈትኜ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ተቀጠርሁ። እዚህ ከረጢቱ በየመጠኑ በሣጥን ተደርድሯል፤ አፉን ከአንጀቱ አፍ ጥቂት ብቻ አስፍቶ ቆርጦ መለጠፍ፣ ሲሶው ሲሞላ ማፍሰስ፣ ጠርዙ ሳይፈስ በፊት መለወጥ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። በጎጃም እናቶቹ በአንድ ክፍል ስለሚተኙ አንዷ የሌላዋን ልጅ ታጥብ ነበር። እዚህ እያንዳንዷ በራሷ ክፍል፣ በሯን ዘግታ፣ ብቻዋን ታለቅሳለች።

በ2004 ዓ.ም. ከሀገራችን የመጡ ወጣት ባልና ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸውን በዚህ ሁኔታ ወለዱ። ወንድ ልጅ ነው። ኮሎስቶሚው በተወለደ በማግሥቱ ተሠራለት። ወጣቷ እናት ከረጢት መለወጥን በሁለት ቀን ለመደች፤ ወሬን መፍራት ግን አልለቀቃትም። «እትዬ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። የሙያ ግዴታዬም ስለሆነ ቃል ገባሁላት።

ችግሩ የመጣው አራስ ልታርስ ከአዲስ አበባ የመጣችው አያት ቤት ከገባች በኋላ ነው። አያት ገንፎ ታገነፋለች፤ ልጅዋን ትቀልባለች፤ የልጅ ልጅዋን ግን እንድታጥብ አይፈቀድላትም። «ሐኪም ከልክሏል» ይሏታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘችኝና «ልጄ፣ እጄ ንጹሕ አይደለም ብለው ተጠየፉኝ መሰለኝ» ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ከዚህ ላይ ደግሞ አርባው ቀን እየደረሰ ነበር። ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ራቁቱን ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሜሮን ይቀባል፤ ምእመናኑም ያያሉ። ወላጆቹ ክርስትናውን ሊያራዝሙት ቆርጠው ነበር። ለአያት ደግሞ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና አለመነሣቱ ከሞት የማይተናነስ ነገር ነው።

በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄጄ ለወጣቷ እናት የጎጃሟን እናት ታሪክ ነገርኋት። ለሰው ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር። «አንዲት እናት በእኔ ግማሽ ቃል አራት ዓመት ጠበቀች። እናትሽ አሁን በባዶ ቃል እየጠበቀች ነው» አልኋት። ብዙ ሰዓት ዝም ብላ ቆየች።

ያን ሌሊት ለእናቷ ነገረቻት፤ ገልጣም አሳየቻት። አያት አልጮኸችም። ትንሽ ቆይታ «ይህን ብቻሽን ልትሸከሚው ነው ያሰብሽው? ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለቻት፤ ከዚያም ለብ ያለ ውሃ እንዲቀርብላት ጠየቀች። ክርስትና አባቱ ልጁን ከካህኑ እጅ የሚቀበል ስለሆነ እርሱም እንዲያውቅ ተደረገ። ቄሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃው ይጎዳዋል ወይ?» አሉ። እንደማይጎዳው ነገርኋቸው። «እንግዲያው ምን ቸገረን?» አሉ። በአርባኛው ቀን ንጋት አዲስ ከረጢት ለጠፍንለት፤ ልጁም ክርስትና ተነሣ። ያዩ አዩ። ከሳምንት በኋላ አንዲት ሌላ እናት በስልክ ደውላ የስድስት ዓመት ሴት ልጅዋ ተመሳሳይ ችግር እንዳለባት፣ ለማንም ነግራ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ዋናው ቀዶ ጥገና በአራተኛ ወሩ ተሠራ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ቀዳዳ እንዳይጠብ ማስፋት ተጀመረ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ የተቀባ የብረት ዘንግ በማስገባት፣ መጠኑን በየሳምንቱ ከፍ እያደረጉ። ለወላጅ ከዚህ የሚከብድ ሥራ ጥቂት ነው። በቅርብ ዓመታት ይህ ለሁሉም ሕፃን ያስፈልጋል ወይ ብለው የሚጠይቁ ሐኪሞች መጥተዋል፤ ጥያቄው ለብዙ እናቶች እፎይታ ነው። ያን ጊዜ ግን ወጣቷ እናት «የማሠቃየው ይመስለኛል» ብላ እጇ ተንቀጠቀጠ። አባትየው ተረከበው። አያት ጉልበቶቹን ይዛ ታንጎራጉርለታለች፤ እናት ወዲያው ጡት ትሰጠዋለች። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከሚተኛበት አልጋ በተለየ ቦታ እንዲያደርጉት መከርኋቸው፤ አልጋው የሚፈራው ቦታ እንዳይሆንበት ነው።

የሆዱ ቀዳዳ ሲዘጋ ደስታ ሆነ፤ ደስታው ግን ሦስት ቀን አልቆየም። ከዓይነ ምድር ጋር ተዋውቆ የማያውቀው ቆዳ ተላጠ፤ ሕፃኑ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ይወጣው ነበር። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ወፈር አድርጎ መቀባት፣ ሲጸዳ የቆሸሸውን ላይኛውን ብቻ ማንሣት፣ ቆዳውን አየር ማስመታት፤ ይህ ሁሉ ለሳምንታት ቀጠለ። አስቀድመን ስለነገርናቸው አልደነገጡም። ወላጅን የሚሰብረው የችግሩ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ሳይነገረው መምጣቱም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በዓመታት ይለካል። በዝቅተኛው ዓይነት ከተወለዱት አብዛኞቹ አድገው እንደ ማንኛውም ልጅ ይጸዳዳሉ፤ ጠላታቸው የሆድ ድርቀት ነው፤ ችላ ከተባለ አንጀቱን ያሰፋዋል። የአከርካሪያቸው ጫፍ ያጠረ ልጆች ግን መምጣቱን አይሰሙትም። ይህ ልጅ ከእነዚህ ወገን ነበር። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ በየምሽቱ በውሃ የአንጀት እጥበት ተጀመረለት፤ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ልጁም በማግሥቱ ሙሉ ቀን ንጹሕ ሆኖ ይውላል። በኋላም ፓትሪክ ማሎን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ባስተዋወቁት መንገድ፣ ትርፍ አንጀቱ ከእምብርቱ ጋር ተያይዞ እጥበቱን ራሱ የሚያደርግበት ቀዳዳ ተሠራለት። አባቱ በዚያ ቀን «የልጄ ነጻነት ዛሬ ነው» አለ።

ሀገራችን ስለዚህ ዓይነት ነገር መናገር የማትችል አይደለችም። በወሊድ ምክንያት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ በሽታቸው ምክንያት ከጎጆ የተባረሩ እናቶችን ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሲያክሙ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። «ፊስቱላ» የሚለውን ቃል ዛሬ ገበሬውም ያውቀዋል፤ ከማፈሪያነት ወደ ሕክምና ስምነት ተሸጋግሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሕፃናት ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ለእነዚህ ሕፃናት የቀረው አንዱ ሥራ የእኛው የአፍ ሥራ ነው።

ልጁ ዛሬ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ለማን እንደሚነግር ራሱ ይመርጣል። ይህን ለመጻፍ ስፈልግ ፈቃዱን ጠየቅሁት። ስሙን እንዳልጠራ ብቻ አስጠንቅቆ ተስማማ። ከዚያም የጎጃሙን ታሪክ ከእናቱ ሰምቶ ኖሮ «ያኛው ልጅስ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አርባ ዓመት ሆኖታል፤ በሕይወት ካለ። የነገርሁት የማውቀውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ቀኑን እንደ ጻፍሁላት፣ እርሷም ወረቀቱን በመቀነቷ ጫፍ እንደ ቋጠረችው። ከዚያ ወዲህ ከሆስፒታል ለሚወጣ ለማንኛውም ወላጅ ቀጠሮውን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጽፌ እሰጣለሁ፤ በቃሉም አስደግመዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህ ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ ልማድ ነው እላቸው ነበር።