ሳይታተም ያለፈ ሙላት

የጎጃም ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ ፏፏቴ ፊት ሲቆም ያ ፏፏቴ የጎጃም አይደለም። ከጀርባው በተዘረጋው መጋረጃ ላይ የተሳለ፣ አናቱን በረዶ ያለበሰው ተራራ ሥር የሚወርድ የሰው አገር ውሃ ነው። ቤቱ ሲመለስም ግድግዳው ላይ የሚጠብቀው ከገበያ የተገዛ የዚያው ዓይነት ፖስተር ነው። እንደ እኔ ላለ የዲማ ሰው ይህ ያንገበግባል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የሙጋና የሱሃ ወንዞችም ከእሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት በደጃችን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን ረግጦት ለማያውቅ አንባቢ ሁሉ አሳውቀውታል። ብዕር ለዲማ የዋለውን ውለታ ካሜራ ለጎጃም ውሃ አልዋለም።

ከሁሉም የሚብሰኝ የጢስ ዓባይ ነገር ነው። ውሃው ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወረወራል፤ በሙላቱ ጊዜ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርስ ነበር። በ1956 ዓ.ም. አጠገቡ የተሠራው የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ አነስተኛ ስለነበር ፏፏቴውን እምብዛም አልጎዳውም። በ1988 ዓ.ም. ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ማሻገር ያዘ። ከዚያ ወዲህ ገደሉ የዓመቱን ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ አግጦ ይታያል። መብራቱን አልጠላሁም፤ እኔም የምጽፈው በመብራት ነው። የሚቆጨኝ ውሃው በሙሉ ወርዱ ይወርድ በነበረበት ዘመን ካሜራ በእጃችን መኖሩ ነው።

አዎን፣ ነበረን። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ያነሣ ነበር። ቀጥሎም በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። ሌንሱ ግን ዘውድን፣ ሙሽራን፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶን እንጂ ወንዝን አላየም። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ለፊቱ የሚከፍል ሰው አለ፣ ለወንዝ ማን ይከፍላል? በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ግን ዓባይን ተከትሎ ተጉዞ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። የእኛን ውሃ እንግዳ ደከመለት።

በብዛት ታትሞ በሕዝብ እጅ የገባው የጢስ ዓባይ ምስል የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ነው። ጀርባውን ገልብጡት፤ ፏፏቴው ከነወፎቹ እዚያ አለ። ይህን ያህል ዘመን በየኪሳችን እያጠፍን፣ በላብ እያረጠብን፣ ለታክሲ ረዳት ስንወረውረው ኖርን። በኋላም 2002 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ሳንቲም ተተካና ፏፏቴው ከኪሳችን ወጣ። ጣና በለስ ሥራ በጀመረበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው!

የፏፏቴ ፎቶ ጌጥ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1861 ካርልተን ዋትኪንስ የሚባል ፎቶ አንሺ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆን የመስታወት ኔጋቲቭ በበቅሎ አስጭኖ ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ወጣ። ያመጣቸው የገደልና የፏፏቴ ምስሎች ዋሽንግተን ደረሱ፤ በ1864 ሊንከን ሸለቆው እንዲጠበቅ ሕግ ፈረመ። ምስሎቹ ለዚያ ውሳኔ ካገዙት መካከል ይቆጠራሉ። ናያጋራንም ተመልከቱ፤ አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተዋዋሉት መሠረት ማመንጫዎቹ የቱንም ያህል ውሃ ቢሹ፣ በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ከ2,800 ሜትር ኩብ ያላነሰ ውሃ በፏፏቴው ላይ መውረድ አለበት። እዚያ የውሃው ውበት የሚሰፈር ድርሻ ተቆረጠለት። እኛስ «ይህን ያህል ይውረድ» ብለን ለመከራከር ስንነሣ ምን ይዘን እንቀርብ ነበር? «ድሮ አይተነው ነበር» ብቻ? አንድ ሜትር ወርድ ያለው፣ እያንዳንዱ የውሃ ዘለላ የሚቆጠርበት ኅትመት በባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር።

የዛሬ አንሺዎች ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ አቁመው፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ሌንሱ ላይ ገጥመው፣ መዝጊያውን ለሰከንድ ያህል ከፍተው ውሃውን እንደ ፈትል ያለሰልሱታል። ለትንሽ ፏፏቴ ያምርበታል። ለጢስ ዓባይ ግን ልስላሴ አይገባውም ባይ ነኝ፤ ጉልበቱ የሚታየው በፈጣን መዝጊያ፣ ጠብታው አየር ላይ ተይዞ ሲቀር ነው። አሁን ይህን ብንከራከርበትስ ምን ሊረባን! ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። በስልክ የሚነሣውም ቢሆን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ጥራቱን እየጣለ፣ ወረቀት ሳይነካ ያልቃል።

ስለዚህ የምለው ለጥቂት ሰዎች ነው። ከ1988 ዓ.ም. በፊት ጢስ ዓባይን ያነሣችሁ፣ ወይም የአባታችሁ ፎቶ ቤት ተዘግቶ ፊልሙ በሣጥን የቀረላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። ከእርጥበት አውጡት፣ በስካነር አስገልብጡት፣ በማይደበዝዝ ቀለም በጥጥ ወረቀት ላይ በትልቁ አሳትሙት፤ አንዱን ቅጂም ለባሕር ዳር ወይም ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ጥቁርና ነጩ ፊልም በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዕድሜ አለው። የቀለሙ ግን በጨለማ ሣጥን ውስጥም እያለ ይደበዝዛል፤ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗል።