ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን



ዛሬ የማጫውታችሁ ጅዳ በተከራየነው ቤት ሳሎን ውስጥ ስለሚኖር፣ ርዝመቱ ከጣት ስለማይበልጥ ዓሣ ነው። ነገሩ ተራ ይመስል ይሆናል። እኔን ግን በልጄ ፊት ያሳፈረኝም፣ መልሶ ያስተማረኝም እሱ ነው።

ልጄ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። በአንድ ሱቅ ውስጥ ብርቱካንማ መልክ ያለው፣ ሦስት ነጭ ቀበቶ የታጠቀ የሚመስል ዓሣ አይታ «አባዬ፣ ይሄን ካልገዛህልኝ» ብላ ያዘችኝ። ክላውንፊሽ ይባላል፤ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች በኮራል መካከል የሚኖር ነው። እዚሁ ቀይ ባሕር ውስጥም ባለ ሁለት ቀበቶ ዘመድ አለው። ሌሎች ዓሦችን የሚነድፈው የባሕር አኔሞን እሱን አይጎዳውም፤ ገላውን የሸፈነው ልጋግ ይጠብቀዋልና። እኔም ከልጄ ባልተናነሰ ጓጓሁ። 100 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ ማጣሪያ፣ የባሕር ጨውና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዛሁ። ማታውኑ ጨውን በጥብጬ ዓሣውን ለቀቅሁት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በጎኑ ተንሳፎ አገኘነው። ልጄ እያለቀሰች «በየቀኑ አብልቼዋለሁ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ የአላህ ቀደር ነው» አልኳት። ቀደርን ማንም ሙስሊም አይክድም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የራሴን ጥፋት መሸፈኛ አደረግሁት።

እውነቱን የነገረኝ ብዙ ዓመት ዓሣ ያኖረ ሱዳናዊ ጎረቤታችን ነው። «አንተ የገዛኸው ዓሣ ነው፤ የሚጠበቀው ግን ውሃው ነው» አለኝ። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ የተባለ መርዝ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን በድንጋዩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል። እኔ አንዲት ሌሊት እንኳ አልጠበቅሁም። ዓሣው የሞተው በገዛ ቆሻሻው ተመርዞ ነበር።

ያን ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ «የሞተው በእኔ ችኮላ ነው፤ አፉ በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ አሁን ስንት ቀን እንጠብቅ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጠበቅን። ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ድንጋይ አስቀምጠን፣ በየጊዜው ቁንጥር ምግብ እየጣልን፣ ውሃውን በመመርመሪያ ጠብታ ስንለካ ከረምን። እንግዳ ሲመጣ «ዓሣው የታለ?» ይለን ነበር። ልጄም «አሁን ውሃውን እያሳደግነው ነው» ትል ነበር። በ6ኛው ሳምንት አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነ። ያኔ ከባሕር የተያዘ ሳይሆን በሰው እጅ ተራብቶ ያደገ አንድ ክላውንፊሽ አመጣን።

ሌላም ስህተት ልሠራ ነበር። በጅዳ ሙቀት የገንዳው ውሃ በየቀኑ ይጎድላል። ጨው በጥብጬ ልሞላው ስል ልጄ «አባዬ፣ ጨውም ይተናል እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። በወጣትነቴ ከአፍዴራ ጨው በሚያመላልስ መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ፤ የሐይቁ ውሃ በየኩሬው ሲተን ጨው ብቻውን ነጭ ሆኖ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ያየሁ ሰው ዓሣውን ቀስ በቀስ በጨው ልገድለው ነበር። የተነነው ውሃ የሚተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። የጨው ውሃ የምናዘጋጀው በየሳምንቱ ጥቂት አሮጌ ውሃ ቀድተን ስንለውጥ ነው፤ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል። ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ አናጥበውም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። ከገንዳው በቀዳነው አሮጌ ውሃ እንለቀልቀዋለን።

ዓሣው አሁን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ ዓይነቱ ዓሣ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ መኖር ይችላል። ለልጆቻችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ከገንዘቡ በፊት ሰብሩን አዘጋጁ። መናገር የማይችል ፍጥረት እቤታችን ሲገባ አማና ነውና።

ባለፈው ዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ ልጄ ዓሣውን ለጎረቤታችን አደራ ሰጠች። ሰውየው ከሁላችንም የተሻለ እንደሚያውቅ ብነግራትም አልሰማችኝም። በገንዳው ላይ «ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ብቻ» ብላ በዐረብኛ ጽፋ ለጠፈችበት።