የዓሣ እንቁላል በምን ይተነፍሳል?

መርካቶ ሱቅ ያለው የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን «ቲቸር፣ የዓሣ እንቁላል ስንጥብ እንኳን የለው፤ በምን ይተነፍሳል?» ብሎ ያዘኝ።

ፀሐይ የመታውን አምቦ ውሃና ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን አስከፈትኩት። የሞቀው ገንፍሎ ጋዙን ለቀቀ፤ ቀዝቃዛው ያዘው። ኦክስጅንም እንደዚሁ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ10 ዲግሪ 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ ግን 8 ገደማ ብቻ። ክፋቱ ደግሞ፣ ሲሞቅ ፅንሱ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል።

እንቁላሉ ኦክስጅን የሚያገኘው በሽፋኑ በኩል እየሰረገ ነው። ዙሪያው ያለው ውሃ ካልተንቀሳቀሰ፣ ያለውን ጨርሶ ይታፈናል። እናት ቆሮሶ ዘዴ አላት፤ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታገላብጠዋለች። ብዙዎቹ የጣና ባርበሶች ግን በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ጥለው ይመለሳሉ። አደራው የወንዙ ነው።

እና ጠጠሩን ለግንባታ ስንዝቅ፣ ከተራቆተ ማሳ የታጠበ ደለል የጠጠሩን ክፍተት ሲደፍነው፣ ያ እንቁላል ትንፋሽ ያጥረዋል። ዓሣ የሚያልቀው በመረብ ብቻ አይደለም ወገን! በጾም «ዓሣ ተወደደ» ስትሉ፣ ወንዙስ እንዴት ከረመ ብላችሁ ጠይቁ።