በእርሳስ የጻፍኩት ሦስተኛው ዓምድ

ቡካሬስት፣ ኦቦር ገበያ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ኮቴ ኪስ ውስጥ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኋት የቃላት መጽሐፍ አለች፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ሮማንኛ። የተዘጋጀችው እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሮማንያውያን ነው። እኔ ግን የእነሱን ቋንቋ ልማርባት ይዣታለሁ፤ ከሁለቱ ዓምዶች ጎን በእርሳስ አማርኛውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን በእንግሊዝኛ በኩል ነበር የማሳልፈው። ምግብ ቤት ገብቼ ርቦኛል ለማለት «እኔ» ብዬ ጀመርኩና «ነኝ» አልኩበት። አስተናጋጇ በትዕግሥት አረመችኝ፦ «ምየ ፏሜ»። ረሃብ ለእኔ ነው እንደማለት። ሲበርዳቸውም «ምየ ፍሪግ» ይላሉ። እኛስ ራበኝ፣ በረደኝ አይደል የምንለው? ረሃቡና ብርዱ ናቸው ሰውን የሚይዙት። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ቋንቋው ቀለለኝ። ሰው «ኦም» ነው፣ ሰውየው «ኦሙል»፤ መጽሐፍ «ካርቴ»፣ መጽሐፉ «ካርቴያ»። እንግሊዝኛ ከፊት የሚያስቀድመውን ምልክት እነሱም እንደኛ ከቃሉ ጅራት ላይ ይቀጥሉታል።

ዳቦ አስቸግሮኝ ነበር። መጽሐፌ ላይ በአንድ ፊደል፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ በሌላ ተጽፎ አገኘሁት። ለካ መጽሐፏ የታተመችው የሮማንያ አካዳሚ አጻጻፉን ከለወጠበት ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት ነው። ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ነው፤ በሰ እና በሠ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ድምፁ ደግሞ የራሳችን ሳድስ ነው፦ «ፕይኔ»። እንግሊዝኛ ለዚህ ድምፅ የራሱ ፊደል የለውም፣ እኔ ግን ከእናቴ ቤት ይዤው መጥቻለሁ።

ፖም የምትሸጠው ባልቴት ዛሬ «ምን ልስጥህ፣ ማማ?» አለችኝ። መጽሐፏ ለ«ማማ» እናት የሚል ፍቺ ብቻ ነው ያላት፤ እዚህ ግን እናት ልጇንም «ማማ» ብላ ትጠራለች። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ፖሙን እየመዘነች «ዶር» የሚል ቃል ያለበት ነገር አከለች። ገጹን ገልጬ አየሁ፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ አንዱ ቃል አልበቃ ብሎ ሦስት ተደርድረዋል። እርሳሴን አወጣሁና ከጎናቸው «ናፍቆት» ብዬ ጻፍኩ።

«ምየ ዶር» አልኳት። አንድ ፖም መረቀችልኝ።