የጓዳ ገመና በስልክ

በቤት ውስጥ ያለውን አስቤዛ የሚመዘግቡ የስልክ መተግበሪያዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከባርኮድ ነው። ካሜራው መስመሮቹን ያነባል፤ ቁጥሩ ከመረጃ ቋት ጋር ይመሳከርና የዕቃው ስም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ፓኮ ማስቲካ በዚህ መንገድ ከተሸጠ ወዲህ የፋብሪካ ምርት መታወቂያው ቁጥር ሆኗል።

የሐበሻ ጓዳ ግን በባርኮድ ብቻ አይነበብም። እናት ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ላለች ልጇ የምትልከው በርበሬና ሽሮ ቁጥር የለውም። ልጅቷ ራሷ ትጽፋለች፦ ሽሮ፣ 2 ኪሎ። ከዚያ ወዲያ መተግበሪያው የሚማረው ልማድን ነው። መቼ ገባ? መቼ አለቀ? በመካከል ያሉትን ቀናት ቆጥሮ ቀጣዩን ይገምታል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቅቤና እንቁላል 55 ቀን ሳይነኩ ሽሮና ምስር ቶሎ ቶሎ ካለቁ፣ ቤቱ ዐቢይ ጾምን እንደሚጾም ማንም ሳይናገር ከመዝገቡ ይታወቃል። ስኳር ድንገት ሲቀር ሕመም፣ የሕፃን ወተት ሲጀመር ወሊድ እንዲሁ ይገመታል።

የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለእምነትና ለጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን «ሽሮ» ብሎ የጻፈ ሰው እምነቴን አስመዘገብኩ ብሎ አያስብም። መዝገቡን ከስልኩ ሳያወጣ የሚሠራ መተግበሪያ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ከማውረድ በፊት የሚጠየቀው «ምን ያህል ይረዳል?» ብቻ ሳይሆን «የጓዳዬ መዝገብ የት ያድራል?» የሚለውም ነው።