ባለዱላው ጭብጦ

ቡሄ በመጣ ቁጥር ሁለት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። አንዱ የጅራፍ ነው፤ ጧ! ብሎ ሸንተረሩን የሚያስተጋባው። ሌላው የእናቴ ነው፤ «ኧረ በስማም! ድፎዬን ጃርት አደረጋችሁት!» የሚለው። ጅራፉ የልጅነቴ ነው። ጃርቱ ግን የ2011 ዓ.ም. ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከእህቴ ኩሽና የተወለደ።

የጅራፉን ላስቀድም።

ያደግሁት ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ስናን ውስጥ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጉም ተከናንቦ የሚያድር ተራራ ነው፤ ከጉያው የሚፈልቁት ምንጮችና ወንዞች ሁሉ መጨረሻቸው ዓባይ ነው። አገሩ የገብስ አገር ነው። ገብስ ባለበት በሶ አለ፤ በሶ ባለበት ደግሞ ጭብጦ አለ። ገብሱ ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ቤቱን ሁሉ የቆሎ ሽታ ይሞላዋል። ከዚያ ዱቄቱ ላይ ጨው ጣል ተደርጎ በጥቂት ውሃ ይለወስና በመዳፍ ጭብጥ! አለቀ። ስሙም ከሥራው ነው የወጣው፤ ስለሚጨበጥ ጭብጦ።

የጭብጦ ውበቱ የጣት አሻራው ነው። አራቱ ጣቶች ጎንና ጎኑን አራት ቦይ አውጥተውበት ይቀራሉ። እኛ ልጆቹ ቦዩን ብቻ አይተን የማን እጅ እንደጨበጠው እናውቅ ነበር። የአባቴ ሰፊ ነው፤ በሬ ያረሰው ይመስላል። የአያቴ ቀጭንና ጥልቅ ነው፤ ስትጨብጠው የተቆጣችበት ይመስላል። በጾም በውሃ፣ ቤቱ ሲደላው በማር ነው። በፍስክ ግን በቅቤ ይታሻል፤ ያኔ ቅቤው እስከ ክርናችን ይወርድና ከጭብጦው ይልቅ ክርናችንን ስንልስ እንውላለን።

ቡሄ ግን የጭብጦ ቀን አይደለም፤ የሙልሙል ቀን ነው። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል የሚውለው በፍልሰታ ጾም መሀል ነው፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነውና ሙልሙሉ ቅቤም ወተትም አይነካውም። ስንዴ፣ እርሾ፣ ጨው፣ እሳት፤ ሌላ የለውም። ቡሄን «ቡኮ» ከሚለው ቃል ጋር የሚያዛምዱ ሰዎች አሉ። እኔ የቃል ሊቅ አይደለሁም፤ በዚያ ሰሞን ግን የአገሩ እናት ሁሉ እጇ ሊጥ ሊጥ እንደሚል እመሰክራለሁ።

እኛ ወንዶቹ በዓሉ ሳይደርስ ልጥ ልጠን ጅራፍ እንገምዳለን። የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማው ድምፅ፣ የችቦው ብርሃን ደግሞ በዚያ የታየው ብርሃን ምሳሌ ነው ይሉናል። እኛ ምሳሌውን ሰምተን «እሺ» እንልና የጎረቤት ልጅ ጅራፍ ከኛ የበለጠ ጮኸ ብለን እንደባደባለን። ማታ ማታ ሆያ ሆዬ ነው። አውራጁ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ድምፁ ወንዝ ያሻግራል። እኔ ድምፄ ሻካራ ስለሆነ የተሰጠኝ ሹመት ስልቻ መሸከም ነው። ከኋላ፣ በጨለማ፣ ሙልሙል የሞላ ስልቻ ይዤ! እንዲህ ያለ ሹመት ለሕፃን ይሰጣል? ሲከፋፈሉ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ እኔም በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ አይርበኝም።

ከሙልሙል ወዲያ ጣፋጭ ማለት ከገበያ የምትመጣ ከረሜላ ነበረች፤ አንዷ ለሦስት ልጅ በጥርስ ተከፍላ። ኬክ የሚባለውን ያየሁት ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ በመስታወት ውስጥ፣ ሮዝ ተቀብቶ፣ አራት ማዕዘን ተደርጎ ተቆርጦ። ሳሙና መሰለኝ። «በዚህ ሳሙናማ ልብስ ማጠብ ኀጢአት ነው» ብዬ አለፍሁ። ከተማው ጣሊያን ትቶት በሄደው ቃል ሁሉ ይበላ ነበር፦ ፉርኖ፣ ማርማላታ፣ ቦንቦሊኖ። ፉርኖ በጣሊያንኛ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ፉርኖ ከበላሁ በኋላ ነው፤ ለካ ለዓመታት ምድጃ ስበላ ኖሬአለሁ!

አሁን ወደ ጃርቱ።

በ2011 ዓ.ም. ፍልሰታ ከአዲስ አበባ ልመጣ ስነሣ የእህቴ ልጅ ደወለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስልኳም እሷም አያንቀላፉም። «አጎቴ፣ ዘንድሮ ለሆያ ሆዬ ልጆች የምንሰጠው ኬክ ፖፕ ነው። ወተት የሌለበት ቸኮሌት ይዘህ ና፤ ጾም ነው።» ኬክ ፖፕ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ልክ የአገሩን ስም እንደማያውቅ ሰው አዘነችልኝ። ኬክ ተጋግሮ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው በክሬም ወይም በማርማላታ ይለወሳል፤ ይድቦለቦላል፤ እንጨት ይሰካበታል፤ ቀልጦ በተዘጋጀ ቸኮሌት ውስጥ ይጠለቃል። በዓለም ያስፋፋችው አንጂ ደድሊ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ነገሩ ዝና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዓመቱን ወደ እኛ ስመልሰው 2000 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት። እኛ ሚሌኒየም ብለን ስንጨፍር በአሜሪካ በኩል ደግሞ ኬኩ በእንጨት ላይ ወጥቶ ይጨፍር ነበር ማለት ነው!

ቸኮሌቱን አራት አድርጌ ገዛሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሀል ላይ ግን ዓባይ አለ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቸኮሌቱም የራሱን አወለቀ። ደጀን ወጥተን ብርዱ ሲቀበለን መልሶ ረጋ። አራት ሆኖ የገባው አንድ ሆኖ ወጣ። እናቴ ከቦርሳዬ አውጥታ አገላበጠችውና «ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የወፍጮ መጅ ተሸክመህ መጣህ?» አለችኝ።

ኬኩ የጾም ነው፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ካካዎ፣ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ። ልጅቷ ከዩቲዩብ እንደተባለችው አንድም ሳታዛንፍ መጠነች። ችግሩ ዩቲዩብ ላይ ያለችው ሴትዮ ደብረ ማርቆስ አለመኖሯ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ውሃ እንኳ 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላባታል። አየሩ ስስ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል፤ ኬኩ ወገቡ ሳይጠና ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ የሚይዘው ያጣል። የእኛውም ሲነፋ ጮቄን አከለ፣ ሲወድቅ ዓባይን አከለ። ይህ አልበቃ ብሎ መብራት ጠፋ።

ልጅቷ ልታለቅስ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ግን ድፎዋን ጠዋት በኮባ ጠቅልላ ጋግራ ስለነበር ምጣዱ ገና ትኩስ ነው። ምንም ሳትናገር ያን የወደቀ ኬክ ምጣዱ ላይ ጣደችው፤ አክንባሎ ደፋችበት፤ ከታችም ከላይም እሳት አደረገችለት። አሜሪካዊው ኬክ እንደ ጎጃም ድፎ በሰለ። ሲወጣ መልኩ አያምርም፤ መሀሉ ጎድጓዳ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ። ልጅቷ ድንገት ሳቋ መጣ። «ውይ፣ እኔ ለምን አዝናለሁ? ኬክ ፖፕ እኮ የሚሠራው ከፍርፋሪ ነው!» ብላ በሁለት እጇ ፈረካከሰችው።

ማርማላታውን ጨምራ ለወሰችና እያጠበቀች ማድቦልቦል ጀመረች። የእሷ ይሰነጠቃል፤ እንጨት ሲገባበት ለሁለት ይከፈላል። እናቴ ከበርጩማዋ አንገቷን አስግጋ አየች። ሣህኑን አየች። እጇን አየች። «አንቺ፣ ይሄማ ጭብጦ ነው!» አለች። ታጠበች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ተቀመጠች። ጭብጥ፣ ጭብጥ፣ ጭብጥ! ሰባ ዓመት በሶ የጨበጠ እጅ ኬክ ፖፕን አዲስ አላለውም። ዩቲዩብ ድቡልቡል ኳስ ይሁን ይላል፤ የእናቴ ግን አራት ቦይ አለው። አንዱም አልተሰነጠቀም።

ቀረ እንጨቱ። የኬክ ፖፕ እንጨት ከተማ ዞሬ አጣሁ። ስቲኪኒ አነሰ፣ የክብሪት እንጨትማ አይነሣ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ አንድ ልጅ መንገድ ዳር መፋቂያ ይሸጣል፤ የወይራ፣ ቀጥ ያለ፣ ልስልስ ያለ። ሁለት እስር ገዛሁ። ቤት ገብተን በቢላ አቀጠንነው፣ በፈላ ውሃ አጠብነው። እናቴ አየችና ሳቋ ፈነዳ፤ «ከላይ ጥርስ የሚጥል፣ ከታች ጥርስ የሚጠብቅ! እንዲህ ያለ ብልሃት የፈረንጅ አይደለም።» እንጨቱ እንዳይነቀል ጫፉን መጀመሪያ ቸኮሌት አስነክቶ መሰካት እንደሚገባ ልጅቷ አስተማረችን። እኔ ቸኮሌቱን በእንፋሎት ላይ አቅልጬ ይዤ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ገባችበትና እንደ ሊጥ ጓጎለብኝ፤ በዘይት አባብዬ መለስሁት። ማቀዝቀዣ አላስፈለገንም። የነሐሴ ብርድ በመስኮት ገብቶ ሥራውን ሠራ።

እስኪደርቁ ግን በእግራቸው መቆም አለባቸው። በምን? እዚህ ላይ ነው የልጅቷ ታናሽ ወንድም፣ ማንም ሳያየው፣ አርባውንም አንድ በአንድ አያቱ ድፎ ላይ የሰካቸው። ያ የከበረ፣ ጉልላቱ የወጣ፣ የቡሄ ድፎ! የእናቴ ጩኸት የተሰማው ያኔ ነው። እኛ ግን መሬት ላይ ተንከባለልን። ጃርቱ ደግሞ ምን ያህል ያምር ነበር!

ማታ ሆያ ሆዬዎቹ መጡ። ጅራፋቸው ከገበያ የተገዛ ናይለን ነው፤ ዓይናቸውም ሙልሙል ሳይሆን ብር ይጠብቃል። በጃርቱ ፊት ሲደርሱ ግን ዜማው ተቋረጠ። አንዱ «አምፖል ነው?» አለ። አውራጁ ብልህ ነበር፤ አንዱን ነቅሎ አፉ ጋ አስጠጋና ማይክ አደረገው፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አወረደ። ተቀባዮቹም እያንዳንዳቸው ማይክ ያዙ። እንዲህ በድምፅ ማጉያ የተዘፈነ ሆያ ሆዬ ደብረ ማርቆስ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ የትኛውም ማጉያ እስከ መጨረሻው ስንኝ አልቆየም እንጂ። ይኸው ሁሉ ሲበላ አንዱ ትንሽ ልጅ ቀስ ብሎ «እማማ፣ ሙልሙል ግን የለም?» አለ። እናቴ ፊቷ በራ። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ድፎ ቆርሳ ቆርሳ አደለቻቸው።

ከኋላ፣ ከችቦው ብርሃን ውጪ፣ ቦርሳ የተሸከመ አንድ ልጅ ቆሟል። አይዘፍንም። አፉ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠራሁትና ለባልደረባዬ የሚገባውን ትርፍ ኬክ ፖፕ በኪሱ አስቀመጥሁለት።

ደጋ ላይ ለምትጋግሩ አንድ ቃል፦ ሶዳውን ሩብ ያህል ቀንሱ፣ ፈሳሹን በትንሹ ጨምሩ፣ ምድጃውንም ሞቅ አድርጉት። ከወደቀባችሁም አትዘኑ፤ ጨብጡት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስሙን «ባለዱላው ጭብጦ» ብላዋለች፤ የጎጃም ሰው ሆኖ ያለ ዱላ መንገድ አይወጣም ብላ።

በማግስቱ፣ በቡሄ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሰፈሩ ልጆች በየደጃፉ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር።