ውሻ ቀን አይቆጥርም

አበው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ፤ ታማኝነቱን ሲያመሰግኑ ነው። ያው ቋንቋችን ግን ዞር ብሎ፣ ጠያቂ የሌለውን፣ ካሣ የማይከፈልበትን ሞት «ደመ ከልብ» ይለዋል። ከልብ በግእዝ ውሻ ነውና የውሻ ደም ማለት ነው። የውሾቻችን ኑሮ በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል የተዘረጋ ይመስለኛል፤ አገልግሎቱ ይወደሳል፣ ደሙ ግን አይጠየቅም። በእኛ ቤት የፈሰሰ አንድ የውሻ ደም አለ። ጠያቂው ባይኖርም መልሱን ስፈልግ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ነገሩ የሆነው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው ግቢያችን ቦቢ የሚባል ቡናማ ውሻ ነበረን። የጥምቀት ዕለት ታቦት ልንሸኝ ስንወጣ በሩን ማን ገርበብ አድርጎ እንደተወው አላውቅም፤ ስንመለስ ቦቢ ከባዘኑ ውሾች ጋር ተናክሶ ጆሮው ሥር ቆስሎ አገኘነው። እናቴ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበችለት። በሳምንቱ ደረቀ፤ ቦቢም ዳነ ብለን ረሳነው።

በመጋቢት እኩሌታ ላይ ቦቢ ምግብ ተወ። ድምፁ ሻክሮ የሌላ ውሻ ድምፅ መሰለ። ብርሃን እየሸሸ ከቆጡ ሥር ይተኛ ጀመር። ከዚያም መንጋጋው ተንጠለጠለ፤ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ለመዋጥ እየሞከረ አቃተው። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው አልኩ። ዓቢይ ጾም መሆኑን፣ በግቢያችን ውስጥ ከሦስት ሳምንት ወዲህ አጥንት የሚባል ነገር አለመታየቱን ማሰብ አልቻልኩም። ላወጣለት እጄን ወደ ጉሮሮው ሰደድኩ። ጥርሱ የአውራ ጣቴን ጀርባ ጫረኝ። ነከሰኝ ለማለት ዛሬም ይከብደኛል።

አባቴ ማታ ሲገባ ውሻውን አየ፤ ቀጥሎ እጄን አየ። ምንም ሳይናገር ወደ ቧንቧው ወሰደኝና በሳሙና ሲያጥበኝ፣ ሲያጥበኝ፣ ውኃው አጥንቴን እስኪያቀዘቅዘው ድረስ አልለቀቀኝም። በማግሥቱ ጠዋት ለመርፌ ይዞኝ ሄደ። ስንመለስ ቦቢ አልነበረም። የሰፈሩ ጎረምሶች ዱላ ይዘው መጥተው እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤት ልጆች ነው።

የዚያን ዘመን መርፌ የሚወጋው ሆድ ላይ ነበር፤ ለ2 ሳምንታት በየቀኑ። አባቴ በየቀኑ እጄን ይዞ ይወስደኛል፣ እጄን ይዞ ይመልሰኛል፤ ስለ ቦቢ ግን አንድም ቀን አላነሣም። እኔም በልቤ ከሃዲ ስለው ከረምኩ፤ ውሻችንን ለዱላ አሳልፎ ሰጥቷልና። በመጨረሻው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና «ጥፋቱ የእሱ አይደለም ልጄ፤ የእኔ ነው። ማስከተብ ነበረብኝ» አለኝ። አባቴ ጥፋቱን ሲናዘዝ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

የቃሉ ክብደት የገባኝ አድጌ ሳነብ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከተነከሰው ቁስል ተነሥቶ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል። ቁስሉ የሚድነውና ቤተሰቡም የሚረሳው በዚያ መካከል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ለሰውም ለውሻም። የመንጋጋ መንጠልጠልና የመዋጥ ችግር አጥንት የተሰነቀረ የሚያስመስለው ሽባነት ነው፤ በእኔ መንገድ የተታለሉ ብዙዎች ናቸው። አባቴ ያደረገው ግን ትክክል ነበር፤ ቁስልን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር ዛሬም የሚሰጠው ምክር ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የተነከሰ ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ቦቢ ሲሞት መከላከያው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ያልነበረው ቀኑን ያስታወሰ ሰው ነው።

ዛሬ መከታ የሚባል ውሻ አለኝ። በግድግዳዬ ላይ ደግሞ የእሱ ብቻ የሆነ የቀን መቁጠሪያ አለ።

የመከታ ዓመት የሚጀምረው በመስከረም 18 ነው፤ በመስቀል ማግሥት። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 የእብድ ውሻ በሽታን የመከላከል ቀን ሆኖ በዓለም ይታሰባል፤ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነውና። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18 ላይ ይውላል። የደመራው አመድ ሳይበርድ መከታን ወደ እንስሳት ሐኪም እወስደዋለሁ። ከመርፌው በኋላ ሐኪሙ ካርዱ ላይ ቀኑን ሲጽፍ ሁልጊዜ አባቴን አስባለሁ።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ለመከታም ይደርሰዋል፤ የዶሮ አጥንት ግን አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾልና አንጀት ይበሳል። በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ፣ ማለትም በየሦስት ወሩ፣ የትል መድኃኒት ይሰጠዋል። በፋሲካ በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ ለውሻ ጥሬውን መወርወር ልማዳችን ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ ግን የትል ዘር አለ፤ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል። እንዲህ ያለውን እንቀብራለን፤ ጤነኛውንም ቢሆን ቀቅለን እንሰጠዋለን።

በጥምቀት በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። ዘግቼ እሄድና ከመንገድ ተመልሼ እንደገና እነካዋለሁ።

በበጋው ፀሐይ ውሻ እንደ እኛ ላብ አያወጣም፤ ሙቀቱን የሚያስተነፍሰው በምላሱ ነው። ስለዚህ የውኃ ሣህኑ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ አስፋልቱ የእጄን ጀርባ ካቃጠለው መከታ አይወጣም።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የከተማው ውሾችም ሳይወዱ ይጾማሉ። የቤታችን ሽሮ ለመከታ አይሆነውም፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳልና። መጀመሪያ እንቁላል ስቀቅልለት ያየችኝ ጊዜ እናቴ፣ «እኛ ስንጾም እሱ እንቁላል?» አለች።

«ልተወው እንዴ እማዬ?»

«መቼ ተወው አልኩ! ጾም ለኃጢአተኛ ነው። እሱ ምን በድሎ?»

ከማግሥቱ ጀምሮ እንቁላሉን የምትቀቅለው እሷ ሆነች፤ ለብቻው በለየችለት ትንሽ ድስት። የቦቢን ቁስል በጨው ውኃ ያጠቡት እጆች ናቸው። ስለዚያ ዘመን ተነጋግረን አናውቅም።

ክረምት ሲመጣ ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጌ በድንጋይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጭዱ ሲረጥብ ይለወጣል። በየማታው የጆሮውን ውስጥና የጣቶቹን መካከል እየዳበስኩ መዥገርና ቁንጫ እፈልጋለሁ። ጅብ ከእንጦጦ ሲወርድ ድምፁ በዝናቡ መካከል ይሰማልና ሌሊት ከደጅ አላሳድረውም። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ሲተኮስ መስኮቱን ዘግቼ አብሬው ወለል ላይ እቀመጣለሁ። ጆሮው ከእኛ ይልቅ ስለሚሰማ ፍርሃቱም ከእኛ ይበልጣል።

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ጳጉሜን 3 አለች፤ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው በዝናቡ ሲታጠቡ መከታም በመካከላቸው ይሯሯጣል። ሩፋኤል ወጣቱን ጦብያን በመንገድ የመራው መልአክ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ታሪክ ውስጥ ሁለቱን ተከትሎ የሚሄድ አንድ ውሻ አለ። ተአምር አይሠራም፣ ስምም አልተሰጠውም፤ አብሯቸው ይሄዳል፣ አብሯቸው ይመለሳል። በልጅነቴ ይህ ውሻ ለምን እንደተጻፈ አይገባኝም ነበር። ዛሬ ግን የምቀናበት እሱን ነው፤ ወደ ቤቱ ተመልሷልና።

ውሻ ቀን አይቆጥርም። ታማኝነቱ ዕለት የለውም፤ ትናንት የተቆጣውን ጌታ ዛሬ ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። የእኛ ታማኝነት ግን ያለ ቀን ቆጠራ አይቆምም። አባቴ ቦቢን ይወደው ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። በዚያ ዓመት ያጣነው ፍቅር አልነበረም፤ ያጣነው አንድ ቀን ነው፣ አንድ መርፌ ነው። ትላንት ዝናቡ አባርቶ መከታ እግሬ ሥር ተኝቶ ሳለ የሚመጣውን ዓመት መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ከሁሉም አስቀድሜ መስከረም 18ን በቀይ እርሳስ አከበብኳት።